ውዴ ስለ «ቴክ ኦቨር» የጠየቀችኝ ዕለት

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእናቴ በስልክ የማልዘበዝበው የለም፣ ይህን ግን አልነገርኳትም። ሰግጄ እጄን ስዘረጋ እንኳ «ጌታዬ፣ ያችን ነገር አንተ ታውቃታለህ» ብዬ በጎን አልፌያታለሁ እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ዛሬ ልጥራት። አንዲት ቃል ተጠይቄ፣ ትርጉሟን እያወቅኩ፣ የሰው ኑሮ አበላሸሁ። ያበላሸሁት ደግሞ የጠላቴን አይደለም፤ ከአልጋዬ ሥር የምትተኛውን የጓደኛዬን ነው።

እናንተ አታውቁኝም፣ እሷንም አታውቋትም። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ መሆኑ አልጠፋኝም። ጓደኛዬ ውዴ ብትሆን የንስሐ አባት አላት፤ ያጠፋችውን ይዛ ትሄዳለች፣ ስገጂ ጹሚ ትባላለች፣ ቀሏት ትመለሳለች። በእኛ ሃይማኖት ለሰው መናዘዝ የለም። በአላህና በእኔ መካከል ያለውን አላህ ይምረኛል፤ የሰው ሀቅ ከሆነ ግን ባለሀቋ ራሷ «አውፍ ብዬሻለሁ» ካላለች በቀር ከትከሻ አይወርድም ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ እናንተ አውፍ ልትሉኝ አትችሉም። ስሙኝ ብቻ።

ስሜ ሀያት ነው፣ የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ነው የምኖረው፤ ያኔ ግን ዱባይ፣ ናይፍ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ ባለ አሮጌ ፎቅ ነበር ቤድ ስፔስ የያዝኩት። ቤድ ስፔስ ቤት አይደለም፣ ክፍልም አይደለም፤ የምትከራዩት አልጋ ብቻ ነው። እኔ የላይኛው አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ውዴ የታችኛው ላይ። ውዴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ገና ደረጃውን ስትወጣ ድምጿ ቀድሟት ይገባል። ታሾፋለች፣ ትሳደባለች፣ ትስቃለች፣ የሌላዋን ሴት ችግር እንደ ራሷ ይዛ ስትብሰለሰል ትውላለች። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ዝምታዬን ሁልጊዜ እንደ ጨዋነት ነበር የምቆጥረው።

ሁለታችንም የምንሠራው ለአንዲት ሕንዳዊት ማዳም ነበር። ዱባይ ማሪና ላይ ከዚህም ከዚያም ፎቅ አፓርታማ ይዛ ለቱሪስት ታከራያለች። እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ እኛ እንገባለን፤ አንሶላ እንቀይራለን፣ ሽንት ቤት እንፈገፍጋለን፣ መስታወት እንወለውላለን፣ ቀጣዩ እንግዳ ሳይደርስ ቁልፉን ለዘበኛ ሰጥተን ወደ ሌላው ፎቅ እንሮጣለን። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም። ትጮኻለች እንጂ ቂም አትይዝም። አማርኛ አታውቅም፣ አረብኛዋም ታክሲ ከመያዝ አያልፍም፤ ከእኛ ጋር የምትግባባው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግሊዝኛ ደግሞ የእኔ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ከደሴ የመጣሁት። ኤጀንሲ ሲደውል፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ፣ የሜትሮ ካርድ አልሠራ ሲል የምጠራው እኔ ነኝ። የክፍላችን ሴቶች «ቲቸር» ነበር የሚሉኝ። ሥራ በሌለን አርብ ከሰዓት አልጋው ላይ ተደርድረው ይቀመጡና አስተምራቸዋለሁ። ያችን ሰዓት እንዴት እንደምወዳት! ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽንት ቤት የምታጥብ ሴት አርብ አርብ አስተማሪ ትሆናለች። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ በኋላ ያደረግኩት ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

አንድ አርብ «ቴክ» የሚለውን ግስ አስተማርኳቸው። ብቻውን ሲሆን መውሰድ ነው። ከኋላው ትንሽ ቃል ሲቀጠልለት ግን መልኩን ይቀይራል፤ «ቴክ ኦፍ» ልብስ ማውለቅም ነው፣ የአውሮፕላን መነሳትም ነው፤ «ቴክ አውት» ማውጣት ነው፣ ቆሻሻውን ውጭ አውጪ ሲሉን እንደምንሰማው። ውዴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይቺ ቴክ የምትያት የናይፍ ደላላ ናት እንዴ? ከሁሉም ጋር ትሻረካለች!» አለች። ሁሉም ሳቁ፣ ትምህርቱም በዚያው ተበተነ። «ቴክ ኦቨር»ን ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደርኩት። የሚቀጥለው አርብ ሥራ ገባን፤ ከዚያ በኋላ ባለው አርብ ደግሞ ውዴ አልነበረችም።

«ቴክ ኦቨር» ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ይህን አስምሩበት፤ አላወቅኩም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም። ደሴ እያለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረድቶናል። አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ሲሄድ ሌላው ተረክቦ ኃላፊ ከሆነ «ቴክ ኦቨር» ይባላል። ወታደር ቤተ መንግሥት ገብቶ ሥልጣን ቢይዝም «ቴክ ኦቨር» ነው። እጄን አውጥቼ የሰጡንን መቀበልና ያልሰጡንን መንጠቅ እንዴት በአንድ ቃል ይባላል ብዬ ጠየቅኩት። «ለእንግሊዝኛው ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ በእጅሽ መግባቱ ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። የእኛ ቋንቋ እንዲህ አይሸፋፍንም። ተረከበ አለ፣ ወረሰ አለ፣ ተቆጣጠረ አለ፣ ቀማ አለ፣ ነጠቀ አለ፤ እያንዳንዱ ያደረጋችሁትን ፊት ለፊት ይነግራችኋል።

ማዳም የምትወደው ውዴን ነበር። እኔ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አሳምሬ ስመልስላት ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች፤ ውዴ «ማዳም፣ ቱዴይ ፌስ ኖ ጉድ፣ ዩ ኢት?» ስትላት ግን ቁጭ ብላ ትስቃለች፣ ያልበላችውንም ትበላለች። የየፎቁ ዘበኛ ውዴን በስሟ ይጠራታል። ቧንቧ ሲፈነዳ እሷ ደውላ «ማይ ብራዘር፣ ያላ!» ካለች ሠራተኛው ከየትም ይመጣል። እኔ የደወልኩ ቀን «ቱሞሮ፣ ሲስተር» ይለኛል። እንግሊዝኛው የእኔ፣ ሰዉ የእሷ። ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ። ያን ጊዜ ግን ቅናት ብዬ አልጠራሁትም፤ «እዚህ አገር ለተማረ ሰው ቦታ የለም» ነበር የምለው።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። ሀያኛ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ካለ አፓርታማ ውስጥ ከማጠቢያው አንሶላ እያወጣሁ ነበር። ውዴ ማዳምን መኪናዋ ድረስ ሸኝታ ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። በሩን ዘጋችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሀዩ፣ አበቃልኝ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ማዳም እጄን ይዛ አለቀሰች። ያቺ ሴትዮ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እያለቀሰች ብዙ አወራች፣ አልገባኝም፤ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አለችኝ፣ እንዳልረሳው ሊፍት ውስጥ ስደጋግመው ነው የመጣሁት።» ዓይኗን ጨፈነችና ቃሉን አንድ በአንድ አወጣችው። «ፍሮም ሰንደይ፣ ውዴ፣ ዩ ቴክ ኦቨር። ሀያት ሄልፕ ዩ።»

ማዳም ለምን እንዳለቀሰች አውቅ ነበር። ጠዋት ለአንድ ደንበኛ በስልክ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ፤ እናቷ በጠና ታማባታለች፣ እሑድ ወደ አገሯ ትበራለች፣ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከእሑድ ጀምሮ ውዴ ኃላፊ ልትሆን ነው። ቁልፉም፣ ዘበኛውም፣ እንግዳውም በእጇ ሊገባ ነው። እኔ፣ ቲቸሯ፣ የእሷ ረዳት ልሆን ነው። «ሀያት ሄልፕ ዩ» የምትለዋ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

ውዴ ግን ራሷ ተርጉማው ነው የመጣችው።

«ኦቨር ኸላስ፣ አበቃ ማለት አይደል?» አለችኝ። «ዘበኞቹ ሰዓታቸው ሲያልቅ ዲዩቲ ኦቨር ይሉ የለ? ስልክ ላይ የሚጫወት ሰው ሲሸነፍ ጌም ኦቨር ይለው የለ? ቴክ ደግሞ መውሰድ ነው፣ አንቺው አስተምረሽኛል። ዕቃሽን ውሰጂ፣ ኸላስ ማለቷ ነው። ሀያት ትረዳሻለች ያለችውም ስትሸክፊ ታግዝሻለች ነው። አይደለም? እባክሽ ተሳስተሻል በይኝ፣ በማርያም!»

ተሳስተሻል በይኝ። እስቲ አስቡት፣ እንድዋሽላት አይደለም የለመነችኝ፤ እውነቱን እንድነግራት ነው። ከእኔ የሚጠበቀው አንዲት «አዎ፣ ተሳስተሻል» ነበረች። ብላት እዚያው ወለሉ ላይ እልል ትል ነበር፣ አቅፋኝ ትዞር ነበር፣ «ረዳቴ ነሽ፣ ሻይ አፍይልኝ» እያለች ዓመት ሙሉ ታሾፍብኝ ነበር። ይህን ሁሉ አየሁት። አንሶላውን እያጠፍኩ ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን እንደ ሐዘን ቆጠረችው። «ዝም አልሽ» አለች። «እንግዲያ እውነት ነው።»

ያኔ ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ ነኝ የነቀነቅኩት፤ ማንም ይዞ አልነቀነቀልኝም።

ስንት ዓመት በዚህ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ! «እኔ መቼ ዋሸሁ? አንዲት ቃል ከአፌ ወጥቷል?» እል ነበር። ቲቸር ተብላ የምትጠራ ሴት ስትነቀንቅ ከመሐላ ያንሳል? ደግሞም ቃል አልወጣኝም ማለቴ ራሱ ውሸት ነው። ወጥቶኛል። ውዴ ትንሽ ቆይታ «ሄጄ እግሯ ላይ ብወድቅስ? እባክሽ አትመልሽኝ ብላትስ?» ስትለኝ ክው አልኩ። ማዳም ጋ ከሄደች በአንድ ደቂቃ ሁሉም ነገር ይገለጣል። «እንዳታደርጊው» አልኳት። «እንደገባሽ ካወቀች ዛሬውኑ ለኤጀንሲ ነው የምታስረክብሽ።» ይህ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። አያችሁ፣ ልናዘዝ ብዬ እንኳ መጀመሪያ አሳንሼ ነው የነገርኳችሁ።

ውዴ እናቷን ነበር የምታስበው። እናቷ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሰው ጓሮ በተከራየችው አንድ ክፍል ነው የምትኖረው። «ለእማዬ ቤት ሳልሠራላት በምን ፊቴ ነው የምመለሰው?» አለች። ፓስፖርቷ ማዳም ዘንድ ነው። ቀስ ብላ «ብጠፋስ?» አለችኝ። እዚህ አገር መጥፋት ማለት ከአሠሪ ወጥቶ ያለ ወረቀት መኖር ነው፤ ቃሏ ራሷ ታስደነግጠናለች። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። እኔ ሳውቅ፣ እሷ ሳታውቅ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ»።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን አብሬያት ሸከፍኩ። ልብሷን አጣጠፍኩላት፣ አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። አጅማን የምትኖር የአገሯ ልጅ ልትቀበላት ተስማምታ ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋት። አቅፋኝ «አንቺ ባትኖሪ እኮ እንደ በግ ጎትተው አውሮፕላን ላይ ይጭኑኝ ነበር፣ ሀዩዬ» አለችኝ። አንገቴ ስር አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የእኔ እንባ ምን ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም፤ ብቻ እውነተኛ እንባ ነበር፣ አውቶቡሱ ሲሄድም እፎይ ብያለሁ።

እሑድ ማዳም ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ውዴ የት አለች አለችኝ። «ሺ ራን አዌይ፣ ማዳም» አልኳት። ሰዋስው አልተሳሳትኩም። ማዳም ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ምን በደልኳት አለች። ሐሙስ ዕለት እናቴ ታማለች ብዬ አልቅሼባት ነበር፣ እንደ እህቴ ነው የማያት አለች። የት እንደሄደች ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ፣ አላውቅም አልኩ። ብታገኚያት እንድትመለስ ንገሪያት፣ እስክመጣ ድረስ ለመንግሥት አላመለክትባትም፣ አለችኝ። እሺ አልኩ። የአውሮፕላኗ ሰዓት ስለደረሰባት ተነሳች፣ ቁልፎቹን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አየችኝ።

«ኦኬ ሀያት» አለች፣ ደክሟት። «ዩ ቴክ ኦቨር።»

«የስ፣ ማዳም» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከማዳም ተረከብኩ። ከውዴ ነጠቅኩ። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው፣ እኔ የማስበው ደግሞ በአማርኛ ነው።

በዚያው ሳምንት ውዴ ደወለች። «ማዳም ምን አለች?» አለችኝ። ይህች የመጨረሻዋ በር ነበረች፤ ማዳም ተመለሺ ብላለች ብዬ ብነግራት በማግስቱ ማሪና ትገኝ ነበር። «በጣም ተናዳለች» አልኳት። «በጭራሽ በዚህ እንዳትታዪ።» ማዳም እናቷን ቀብራ ስትመለስም ስለ ውዴ ጠየቀችኝ። የለችም አልኩ። ከዚያ ግዴታዋ ነውና ጠፍታለች ብላ አመለከተች። ውዴ በዚያ ቀን ወረቀት የሌላት ሰው ሆነች።

እኔስ? ኃላፊ ሆንኩ። ደስ አለኝ ብዬ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? የመጀመሪያውን ወር ደስ ብሎኛል። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አዲስ የመጡትን ሴቶች አዛለሁ፣ ለእንግዳ በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። ነገር ግን ዘበኞቹ ባገኙኝ ቁጥር «ዌር ውዴ?» ይሉኛል። ቧንቧ ሠሪው አሁንም ነገ ነው የሚለኝ። ቦታውን ያዝኩት እንጂ ሰው አልያዘልኝም። ቢሆንም አልለቀቅኩትም። ኑሮዬ ተሻሻለ፣ ሙዋይለህ የራሴን ክፍል ተከራየሁ፣ በሯን የምቆልፋት እኔ ብቻ ነኝ።

ውዴ አጅማን ቀረች። በየቤቱ በተመላላሽ ትሠራለች፣ ፖሊስ ስታይ መንገድ ትቀይራለች፣ ሲያማት ሐኪም ቤት አትሄድም። እንደዚያም ሆና ለእናቷ ቤት ሠራች። እናቷ ገባችበት። በየስልኩ «መጥተሽ እዪው እንጂ ልጄ፣ ደጁ ላይ ቁጭ እንበል» ትላት ነበር። እንዴት ትሂድ? አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ይይዙኛል ብላ ትፈራለች። ዘንድሮ፣ ለከርሞ እያለች ስታዘገይ እናቷ ሞተች።

ልቅሶ ልደርስ አጅማን ሄድኩ። ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ውዴ ስልኳን አውጥታ የቤቱን ፎቶ አሳየችኝ፤ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አረንጓዴ በር። «ሠራሁላት፣ ደጁን ግን አልረገጥኩትም» አለችኝ። ከዚያ ለሴቶቹ ዞራ በለቅሶ በተዘጋ ድምጿ «ይቺ ናት ሀያት የምላችሁ። ያን ቀን ባትነግረኝ ኖሮ ያኔውኑ መልሰውኝ፣ እማዬም የሰው ጓሮ ውስጥ ትሞት ነበር። ለእማዬ ቤት የሠራችላት ይቺ ናት» አለች። ሴቶቹ «ተባረኪ፣ እንዲህ ያለች እህት ይስጠን» አሉኝ።

ውዴን ደግሞ ቀልዷ በለቅሶም አይተዋትም። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሁልጊዜ ስምሽን አስጠራለሁ እኮ» አለችኝ። «ቄሱ ስመ ክርስትናዋ ማነው ሲሉኝ ምን ልበል? ሀያት ብላቸው ግር ይላቸዋል። እኔው ወለተ ሚካኤል ብዬ አወጣሁልሽ። አላህሽ አይቆጣኝም አይደል?» በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች። እኔ ምንጣፉን እያየሁ ነበር። በሌለኝ ስም፣ ባላደረግኩት ውለታ፣ በበደልኳት ሴት አፍ ይጸለይልኛል። ሙስሊም ሁኑ ክርስቲያን፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል? እዚያ መሐል እንዴት ልንገራት? ልቅሶ ላይ አይነገርም አልኩ። ከአርባዋ በኋላ አልኩ። ከዚያም በኋላ ሌላ ምክንያት አላጣሁም።

ዘንድሮ ረመዳን ጾሜ አልጣመኝም። ሰው ምሕረት በሚጠይቅበት ወር እኔ ስሟን ሳስብ ዱዓዬ ይቆረጣል። ባለሀቋ አጅማን ተቀምጣ፣ እኔ ለማን ነው እጄን የምዘረጋው? ዒድ እንዳለፈ አርብ ቀን ቆርጬ ተነሳሁ። ከሙዋይለህ እስከ አጅማን አውቶቡስ ውስጥ ቃሉን ስለማመድ ሄድኩ። ያን ቀን ውዴ የማዳምን ቃል ሊፍት ውስጥ እንደደጋገመችው ማለት ነው።

ብቻዋን ነበረች። የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነው ያገኘኋት። ሻይ ላፍላ አለች፣ አልፈልግም፣ ቁሚ ስሚኝ አልኳት።

«ውዴ፣ ቴክ ኦቨር ማለት አበቃ ማለት አይደለም» አልኳት። «ተረከቢ ማለት ነው። ማዳም እናቷ ታማ ልትሄድ ነበር፣ አንቺን ኃላፊ ልታደርግሽ ነበር፣ እኔን ረዳትሽ። ያኔውኑ አውቅ ነበር። ቀንቼ ነው።»

ካውያውን ይዛ አየችኝ። ከዚያ ካውያውን አስቀመጠችና በሳቅ ፈረሰች።

«እኔ ኃላፊ!» አለች። «እኔ! ስሜን በእንግሊዝኛ የማልጽፈው! አንቺ ደግሞ ረዳቴ! ውይ ሀዩ፣ ፊቷን እንዴት ኮስተር አድርጋ ነው የምታወራው በእናታችሁ!»

«ዋላሂ እውነቴን ነው» አልኳት።

«ዋላሂ ትላለች ደግሞ! ይህን ሁሉ መንገድ እኔን ለማሳቅ ነው የመጣሽው?» ሆዷን ይዛ አልጋው ላይ ወደቀች፣ እንባዋ ወረደ፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ናይፉ። ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች «ተባረኪ» አለችኝ። «እማዬ ከሞተች እንዲህ ስቄ አላውቅም።»

እንግዲህ «ይህን ካለችሽ በኋላ ምን ማድረግ ትችያለሽ?» ትሉኝ ይሆናል። አትበሉልኝ። እጇን ይዤ «ውዴ፣ ተይ፣ አልቀለድኩም» ማለት እችል ነበር። እስክታምነኝ ድረስ መናገር እችል ነበር፤ ማዳም ተመለሺ ብላሽ ነበር፣ ደብቄሽ ነው፣ የእናትሽን ደጅ ያላስረገጥኩሽ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ያኔ ትመታኝ ይሆናል፣ ታባርረኝ ይሆናል፣ ወይም አንድ ቀን፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አውፍ ትለኝ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከፊቴ ነበር፣ ውዴም ቀና ብላ እያየችኝ ነበር።

እኔም አብሬያት ሳቅኩ።